በመንገድሽ ምን አየሽ?

እናቴ ዕድሜዋን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ የትም ሳትሄድ የኖረች ሴት ነበረች። ይህን ስናገር ሰዎች ቀልድ ይመስላቸውና ፈገግ ይላሉ። ቀልድ አይደለም፤ ሥራዋ ነበር።

ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ማንም ቀድሞ መግባት አይወድም። ተሳፋሪ ጓዙን ይዞ በሩ ላይ ይደርስና አንገቱን አስግጎ ያያል። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ከሆነ «ይሄ ደግሞ መቼ ሞልቶ መቼ ሊሄድ ነው?» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ የመናኸሪያችን ሰዎች ዘዴ ነበራቸው። ገና ሲነጋ ጥቂት ሰዎችን ንጹሕ አስለብሰው፣ ቦርሳ አስይዘው፣ እዚህም እዚያም ያስቀምጣሉ። «ማሟያ» ይሏቸው ነበር። አውቶቡሱ እየሞላ ሲመጣ ማሟያዎቹ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ሆነው በየተራ ይወርዳሉ፤ ቦታቸውን እውነተኛው ተሳፋሪ ይይዘዋል። እናቴ ማሟያ ነበረች። አባቴ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የከተሞችን ስም እየጮኸ ተሳፋሪ የሚጠራው ሰው ነበር። የመውረጃዋ ሰዓት ሲደርስ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ መታ መታ ያደርግላታል፤ እሷም ትነሳለች።

ትምህርት በሌለበት ቀን ከጎኗ እቀመጥ ነበር። ልጅ ያቀፈች ሴት ያለችበት አውቶቡስ ይበልጥ እንደሚታመን አባቴ ያውቃል። እኔ ግን ማሟያ መሆናችንን አላውቅም። እኔ የማውቀው መንገደኞች መሆናችንን ነው። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ያበጠች ቡናማ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ዛሬ ወደ ጨው አገር ነን» ወይም «ዛሬ ወደ ነፋሱ ከተማ ነን» ትለኛለች። ልቤ ይሰቀላል። ሞተሩ ይነሳል፤ ወንበሩ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል፤ የናፍጣ ሽታ ይገባል። ልክ ያኔ ጎኑ መታ መታ ይደረጋል። እናቴም ግንባሯን ይዛ «ውይ! አንድ ነገር ረሳሁ!» ትላለች። እንወርዳለን።

ምን ዓይነት ዝንጉ እናት ሰጠኝ እል ነበር። በኔ ሐሳብ እኛ አገር ላገር የምንዞር ቤተሰብ ነበርን፤ የሚያስቀረን የእናቴ መርሳት ብቻ ነው። ስተኛ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ «ነገ ምንም እንዳትረሳ አድርጋት» ብዬ እጸልያለሁ። ጎረቤት ሁሉ ስለኔ ጸሎት ቢያውቅ ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር።

እናቴ ተቀምጣ ዝም አትልም። አጠገቧ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። «እናንተ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ስሙን ማነው የሚያወጣው? በራችሁ ወዴት ነው የሚከፈተው? ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው ማነው?» ለሥራው ይህ አያስፈልግም ነበር። ሌሎቹ ማሟያዎች አፋቸውን ከፍተው ያንቀላፋሉ። የመናኸሪያው ሰዎች «ጋዜጠኛዋ» እያሉ ያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ከመጤፍ አትቆጥራቸውም። ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ያየሁት ያኔ፣ በሷ ብብት ሥር ሆኜ ነው። በጨው አገር ሰዎች እያደሩ ቤት እንደሚቀያየሩ፣ በነፋሱ ከተማ በርቀት የሚተዋወቁት በፉጨት እንደሆነ ሰማሁ። ዛሬ ለማንም ሳልቀጠር፣ ቦርሳዬን ይዤ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ የጉዞ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። «የት ተማርሽው?» ሲሉኝ አንድ ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት እጠራለሁ። እውነቱን ለመናገር የተማርኩት የማይሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

አንድ ጠዋት የሐይቁ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ አንድ የመረብ ነጋዴ አጠገባችን ተቀመጠ። ጣቶቹ ወፋፍራም ነበሩ፤ ኮቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

«እናንተ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ምን ትሉታላችሁ ጋሼ?» አለችው እናቴ።

«እኛ እንደ ሌላው ሰው እንዴት ነህ አንልም፣ እህቴ» አለ። «“በመንገድህ ምን አየህ?” ነው የምንለው። ያየውን አንድ ነገር ሳይናገር ውሃ አይቀዳለትም።»

«ምንም ያላየስ?»

«እሱማ ይጠማዋላ!» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። ዓይኗ ፈጦ ቀረ። «ሐይቁስ? ትልቅ ነው?»

«ስለ ሐይቁ አይወራም፤ ማየት ነው እንጂ። ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ከተፍ ይልብሻል። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይነሳል። ስንት ዓመት የተመላለስኩት ሰውዬ፣ እኔም እነሳለሁ።»

የአውቶቡሱ ጎን መታ መታ ተደረገ። አልሰማችም። አባቴ ደግሞ መታ። በሦስተኛው ነው «ውይ፣ አንድ ነገር ረሳሁ» ያለችው፤ ያን ቀን ግን ድምፅዋ ደከም ያለ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በኩባያ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። «በመንገድሽ ምን አየሽ?» አንድ ነገር ሳልነግራት ውሃው አይሰጠኝም። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም፤ ሕግ ነበረው። «ቆንጆ ውሻ አየሁ» ስላት «ቆንጆ አይባልም። ምን ዓይነት ውሻ? ምን ሲያደርግ?» ትላለች። የሰው ጫማ በአፉ ይዞ የሚሮጥ ውሻ መሆኑን ስነግራት ውሃው ይመጣል። አንድ ቀን ደግሞ ምንም ስላላየሁ ሰማይ ላይ የሚበር ፈረስ አየሁ ብዬ ቀደድኩ። ኩባያውን ወደ ኋላዋ ደበቀችና ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ያላየሽውን አትጨምሪ» አለችኝ። «ውሸት ከሆነ እኔም አብሬሽ አላየሁትም ማለት ነው።»

ያን ቃሏን አጥብቄ ይዤዋለሁ። በዚህ ሙያ ስኖር ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም።

ነገሩ የሆነ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ሰዎች ትልቅ መስታወት ተሸክመው ሲሄዱ አየሁ። መስታወቱ ውስጥ ሰፈራችን እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፤ አጥር፣ ሽቦ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የሰማይ ቁራጭ፣ በመጨረሻም እኔ ራሴ። እንዲህ ያለ ነገር አምጥቼላት አላውቅም። በደስታ እየበረርኩ መጣሁ። በሩ ላይ የቆመችው ግን እናቴ አልነበረችም። መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ዳቦ የሚሸጡት ጎረቤታችን ነበሩ፤ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ነበር» አሉኝ። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት አይሸትም ነበር። «ነይ፣ ዛሬ እኛ ቤት ነሽ።»

«እማስ?»

ወዲያና ወዲህ አዩ። «ሄዳለች።»

«የት?»

«ወደ ሐይቁ ከተማ።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። እውነቴን ነው። ጸሎቴ ተሰማ አልኩ። «ምንም ሳትረሳ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ ጭንቅላቴን ይዘው ደረታቸው ላይ አጣበቁኝ፤ የልብሳቸው ቁልፍ ጉንጬ ላይ ታተመ። እዚያው እንደተጣበቅኩ ነው ሌላው ነገር የመጣልኝ። ቀሚሷን አልረሳችም፤ ቦርሳዋን አልረሳችም። የረሳችው እኔን ነው።

ከእትዬ ቤት አጥር ላይ በቀዳዳ ግቢያችን ይታያል። ሸራ ተወጥሯል፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ በራችን ላይ የማላውቀው ሰው ጫማ ሞልቷል። ለእናቴ መሄድ ድግስ የተደገሰ መሰለኝ። እኔን ለምን እንዳልጠሩኝ አልገባኝም፤ ሆድ ባሰኝ። አባቴ መሐላቸው ተቀምጧል፤ አፉ ተከፍቶ ድምፅ አይወጣውም። እትዬ እኔን ባዩ ቁጥር ከአጥሩ እየጎተቱ ይመልሱኛል፤ እኔም ተመልሼ ጆሮዬን እጥላለሁ።

በነጋታው ይሁን ከዚያ ወዲያ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ አቧራ ለብሶ መጣ። ድምፁ አጥሩን ዘልሎ ደረሰኝ።

«አንተ ነህ የሰደድካት! አንተ! ሁለተኛ አጠገቧ እንዳትደርስ! እዚያ እግርህን ባይ በሕይወት የለሁም!»

ሰው «ተው እንጂ! ኧረ ተው!» አለ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

እኔ ነገሩን ሁሉ ገጣጠምኩት። አባቴ አባረራት። አጎቴ ደግሞ ሄዶ እንዳያመጣት ከለከለው። በልጅ ሐሳቤ ሁለቱንም ፈርጄባቸው አበቃሁ። አጎቴ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ቁልቁለቱ ሥር ወርዶ፣ አውቶቡሱ ከወደቀበት ድንጋይ መሐል፣ መለየት ካልተቻሉት ሰዎች ጋር አንድ ላይ ቀብሯት ነበር የመጣው። እሷ መሆኗን የነገረው ቦርሳዋ ነው። ከተከፈቱት ቦርሳዎች ሁሉ ውስጡ ትራስ ብቻ የተገኘበት አንድ ነበር። ጓዝ እንዲመስል ጠዋት ጠዋት ከአልጋችን ላይ እያነሳች የምትከተው ትራስ፣ የኔ ትራስ።

አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ። የጨው አገርን ይጠራል፤ የነፋሱን ከተማ ይጠራል፤ የሐይቁ ከተማ ተራ ሲደርስ ግን አፉን ይዘጋና ወደ ጥላው ይሄዳል። የከተማዋን ስም በሱ ፈንታ ጎርናናው ይጠራል፤ ጎርናናው ድምፁ የተበላሸ ባልደረባው ነበር። እኔ ከእናቴ ጋር ተኳርፈው ነው አልኩ። የሄደችበትን ከተማ ስም እንኳ መጥራት አልፈልግም ያለ ኩርፊያ! ይህን ያህል ክፉ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር እያልኩ በሆዴ እሰድበዋለሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ የሚቆመው አሁን እሱ ነው። ኩባያ ይይዛል፤ ግን ምንም አይጠይቀኝም። ውሃው ያለ ጥያቄ ይመጣ ጀመር። ተቀብዬ እጠጣለሁ፤ የመስታወቱን ወሬ ለእናቴ አቆይቼዋለሁ። አንድ ሁለቴ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ፊቴን አዞርኩበት።

እስከ መቼ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ አልኩና አንድ ጠዋት የክት ልብሴን ለበስኩ። ፌስታል ውስጥ ዳቦ ከተትኩ። አባቴ የነፋሱን ከተማ ሲጠራ ከኋላው ሾልኬ የሐይቁ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። አንድ ሴትዮ «ከማን ጋር ነሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ። «ከእናቴ ጋር ነኝ፤ እዚያ ትጠብቀኛለች» አልኳቸው። ሞተሩ ተነሳ። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ፌስታሌን በደስታ አቀፍኩ፤ ዛሬ ማንም ምንም አልረሳም።

ያን ጊዜ አባቴ በመስኮቱ አየኝ።

የአውቶቡሱን ጎን መታ። እንደ ሌላው ጊዜ መታ መታ አልነበረም። በሁለት መዳፉ፣ በክርኑ፣ በትከሻው ነው የደበደበው። «አውርዷት! አውርዷት! አውርዷት!» እያለ ከጎማው ጋር ይሮጣል። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። አባቴ ገብቶ በክንዴ አንጠልጥሎ አወረደኝ፤ ዳቦዬ መሬት ላይ ተበተነ። በጥፊ መታኝ። መትቶኝ አያውቅም። ከዚያ ተንበርክኮ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አስመለሰው።

እኔ ቆሜ አላዘንኩለትም። እናቴን እንዳላይ ይህን ያህል ለምን እንደሚፈልግ ብቻ ነበር የማስበው። እትዬ ትሪያቸውን ጥለው መጡና ፊቱን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉለት። «አይዞህ፣ ወርዳለች። ይኸው ወርዳለች» አሉት። ይህን ደግመው ደጋግመው ነበር የሚሉት። ቆሜ አጠገባቸው ያለሁትን ልጅ ወርዳለች ማለት ምን ያስፈልጋል ብዬ ተገረምኩ።

መሞቷን የነገረችኝ አብራኝ የምትማር ልጅ ነች። እርሳስ እየቀረጸች «እናትሽ ያቺ ገደል የገባችው ናት አይደል?» አለችኝ፤ መልሴንም ሳትጠብቅ እርሳሷን እፍ አለችው። ቤት ገብቼ ውሃዬን ጠጣሁ። አባቴን አልጠየቅኩትም። እሱም ማወቄን ያወቀ ይመስለኛል። ቤታችን ጠባብ ነበር፤ ለዚህ ነገር ግን ቦታ አላጣንለትም፤ መሐላችን አስቀምጠነው አብረነው ኖርን።

ለኔ ግን ሞቷ አንድ ነገር ነበር፤ እኛን መተዋ ሌላ። ሞቷን ሰው ነገረኝ። ለምን ጥላን እንደሄደች ግን ማንም አላነሳልኝም። ጥላን ስትሄድ ሞተች ብዬ ነው ያደግኩት። አንዳንድ ሰው በሞተ እናቱ ላይ መናደድ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያስለቅስህንና የሚያስቆጣህን አንድ ሰው አድርገህ መሸከም ማለት ነው፤ ማልቀስ ስትጀምር ቁጣው ይመጣል፤ ቁጣው ሲመጣ ታፍራለህ። ይህን ይዤ ብዙ አገር ዞርኩ። በማያውቁኝ ሰዎች ቤት ደጃፍ ተቀምጬ፣ ልጅ ሲወለድ ስሙን ማን እንደሚያወጣ እየጠየቅኩ፣ ፊታቸው ሲበራ እያየሁ። አዘጋጆች «ስለ ሐይቁ ከተማ ለምን አትጽፊም? ሰው የሚወደው እኮ እሱን ነው» ይሉኛል። አንዴ መንገዱ ተበላሽቷል እላለሁ፤ አንዴ ክረምት ነው፤ አንዴ ታመምኩ። የከተማዋን ስም ዛሬም አልጽፈውም። ይህ ከአባቴ የወረስኩት ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴን ግማሽ ጎኑን ያዘው። ያ ስንት ከተማ ሲጠራ የኖረ አፍ ወደ አንድ በኩል ተጣመመ፤ አንድ ቃል ለማውጣት ላብ በላብ ይሆናል። ላስታምመው መጣሁ። እትዬ አርጅተዋል፤ በትራቸውን ተመርኩዘው ከሰዓት በኋላ ይመጡና ማድ ቤት ከኔ ጋር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሾርባውን እያማሰልኩ፣ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ «ጥላው ባትሄድ ኖሮ እንዲህ ብቻውን አይቀርም ነበር» አልኩ።

እትዬ ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱት።

«ማን ነው ጥላው የሄደችው?»

«እማ ነቻ።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ። ደረታቸውን ያዙ። «እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የሚመስልሽ? እሱ አልነገረሽም?»

«እኛ ስለሷ አናወራም፣ እትዬ።»

ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ትሪዬን ይዤ እዚያው በሩ ላይ ነበርኩ። ሁሉንም በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። አውቶቡሱ ሞልቷል፤ አባትሽ ጎኑን መታ መታ አደረገ። አልተነሳችም። ደግሞ መታ። በመስኮት ብቅ አለችና “ዛሬስ አልወርድም” አለችው። “አንድ ቀን እንኳ ሐይቁን ልየውና ነገ በመልሱ እመጣለሁ።” “ልጅቷስ?” አላት። “ለልጅቷ ብዬ ነው እንጂ!” አለችው። “ሁልጊዜ እሷ ያየችውን ስትነግረኝ፤ አንድ ቀን ደግሞ እኔ ልንገራት።”»

ሾርባው ገነፈለ። ሁለታችንም አላነሳነውም።

«አባትሽ ሳቀ። ያን ወንበር የሚፈልግ ሰው ከሥሩ ቆሞ ነበር፤ በሩን ዘጋበት። ከኔ ዳቦ ወስዶ በመስኮት አቀበላት። “ስትመለሺ ምን አየሽ እልሻለሁ!” አላት። አውቶቡሱ ሲወጣ የከተማዋን ስም እየጠራ፣ እንደ እብድ እየጮኸ፣ እሷን ለማሳቅ ብሎ እስከ ግቢው በር ከኋላዋ ሮጠ። መናኸሪያው ሁሉ ሲስቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ የከተማዋን ስም ሲጠራ የሰማው ሰው የለም።»

በማግስቱ ለእትዬ አባቴን አደራ ሰጥቼ የሐይቁ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ለአባቴ የት እንደምሄድ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፈነ፤ አልከለከለኝም።

መንገዱ ረጅም ነው፤ እናቴን ያሰለቻት አይመስለኝም። በግራ በቀኝ ያለውን ሁሉ በሷ ዓይን ለማየት ሞከርኩ፤ የደረቀ ወንዝ፣ ሦስት አህያ ያሰለፈ ሰው፣ ጣሪያው ላይ ብስክሌት የተሰቀለበት ቤት። ተራራው ላይ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር የፍሬኑ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ገባ። ሰው ወሬውን አቆመ። የእናቴ አውቶቡስ የወደቀበት ኩርባ ጋ አሁን የብረት አጥር ተሠርቷል። ረዳቱን «እዚህ አውርደኝ» ስለው «እዚህ መቆም ክልክል ነው እህት» አለኝ። አንገቴን አውጥቼ ወደ ታች አየሁ፤ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ አንድ ላይ የተከመሩ ነጫጭ ድንጋዮች። አውቶቡሱ ኩርባውን ዞረ።

ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሳ።

የመረብ ነጋዴው አልዋሸም። ድንገት ከተፍ አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጸጥ ብሎ፣ ከሥሩ መሬት የሌለ እስኪመስል። እኔ አልተነሳሁም። ከኩርባው እስከዚህ ድረስ ያለው መንገድ አፍ ውስጥ ያለ ዳቦ ተላምጦ እስኪዋጥ እንኳ የሚበቃ አይደለም። የእናቴ አውቶቡስ የወደቀው ግን ኩርባውን ሳይዞር፣ ከወዲያኛው በኩል ነው።

ጠዋት ከከተማው ተነስቼ በእግሬ ወደ ኩርባው ተመለስኩ። ልማዴ ነው፤ ያየሁትን ሳላጣራ አልጽፍም። ኩርባውን አልፌ ሽቅብ ወጣሁ። በየደረስኩበት ቆሜ፣ ድንጋይ ላይ ተንጠላጥዬ፣ በእግር ጣቴ ቆሜ አየሁ። የተራራው ትከሻ ይጋርደዋል። ከኩርባው በላይ ከየትም ቦታ፣ ከማንኛውም መስኮት፣ አንድ ጠብታ ውሃ አይታይም።

ወደ ከተማው ስወርድ ውሃው ዳር መረብ የሚጠግኑ አንዲት ባልቴት አገኘሁ። «እናንተ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ በመንገድሽ ምን አየሽ ነው የምትሉት አሉ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «እኛ? ማነው እንዲህ ያለሽ? እኛማ እንደ ሰው እንዴት ነሽ ነው የምንል።» መርፌያቸውን አስቀመጡና ፊቴን አዩ። ከሳቁ ያፈሩ መሰለኝ። «ግን ደስ ይላል። እሺ፣ በመንገድሽ ምን አየሽ?»

አልመለስኩላቸውም። ውሃ አምጥተው ሰጡኝ፤ አልጠጣሁትም።

ስመለስ አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጠበቀኝ። እትዬ «ከሄድሽ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ አልገላበጥም ብሎ» አሉኝና ወጡልን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። ልጅ ሆኜ ፊቴን ያዞርኩበትን ያንን እንቅስቃሴ አወቅኩት። አሁን አላዞርኩም።

«በመንገድሽ» አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። «በመንገድሽ ምን አየሽ?»

የደረቀውን ወንዝ ነገርኩት። ሦስቱን አህዮች፣ ብስክሌቱን። አንገቱን ነቀነቀ፤ የሚፈልገው እሱን አልነበረም። ደህናው እጁ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይጨምቃል።

«ሐይቁ» አለ። «የሚታየው ከኩርባው በፊት ነው... ወይስ በኋላ?»

ሠላሳ ዓመት የተሸከመው ጥያቄ ይህ ብቻ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሄዶ እንዳያይ አጎቴ ከለከለው፤ እሱም ቅጣቱ ይገባኛል ብሎ ተቀበለ። ከዚያ የመጣ ተሳፋሪ በየቀኑ ከፊቱ ይወርዳል፤ አንዱን መጠየቅ ይችል ነበር። ያልጠየቀው መልሱን ፈርቶ ነው።

«በፊት ነው፣ አባ» አልኩት።

«በፊት?»

«ኩርባው ጋ ከመድረስህ ብዙ በፊት። መጀመሪያ ሰማይ ይመስላል። ከዚያ ሲብለጨለጭ ውሃ መሆኑ ይታወቃል። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይነሳል። ለረጅም ጊዜ እያዩት ነው የሚወረደው።»

ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ግን አልለቀቀኝም። እጄን ያዘ።

«በየትኛው በኩል ነው? በየትኛው መስኮት?»

እናቴ በየት በኩል እንደተቀመጠች አላውቅም። እትዬን አልጠየቅኳቸውም። እሱ ግን ያውቃል፤ ዳቦውን በመስኮት ያቀበላት እሱ ነው። የሰው ፊት እንዲህ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም።

«በሁለቱም» አልኩት። «መንገዱ ይጠማዘዛል። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ነው የሚመጣው። በየትም የተቀመጠ ሰው ያየዋል።»

እጄን የያዙት ጣቶቹ ለቀቅ አሉ።

«እንግዲያው አይታዋለች» አለ።

«አይታዋለች፣ አባ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ውሃ ስጪኝ አለኝ። ኩባያውን አንስቼ ቀዳሁለት፤ ጭንቅላቱን ደግፌ አጠጣሁት።